በግብር እሮሮ መጥተው በእህል እጦት የተፈተኑት ከሊፋ አብዱላሂ

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሱዳንን ለአሥራ ሦስት ዓመታት የገዙት ከሊፋ አብዱላሂ ኢብን ሙሐመድ ስማቸው በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚነሣው ከጎንደር ቃጠሎና ከመተማ ጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ዘመነ መንግሥታቸው ከጦር ሜዳው ባሻገር ሌላ ገጽታም ነበረው። በሃይማኖት ስም የቆመና ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ የተጠቃለለ መንግሥት በምርት መጥፋት፣ በገንዘብ መርከስና በሕዝብ ተቃውሞ በተፈተነ ጊዜ ምን እንደሆነ የሚያሳይ የታሪክ ምዕራፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዱላሂ በ1846 ገደማ በዳርፉር ደቡባዊ ክፍል ተወለዱ። ወገናቸው ታኢሻ የሚባለው ጎሣ ሲሆን፣ በቃራ በሚል የወል ስም ከሚታወቁት የቀንድ ከብት አርቢ አርብቶ አደሮች አንዱ ነው። አባታቸው በሃይማኖት ሰውነታቸው በአካባቢው የተከበሩ ነበሩ። በዚያ ዘመን ፍትሕን የሚያሰፍን ማህዲ የተባለ መሪ ይመጣል የሚለው እምነት በምዕራብ ሱዳን በሰፊው ተሰራጭቶ የነበረ ሲሆን፣ ወጣቱ አብዱላሂም ከጠባቂዎቹ አንዱ ሆኑ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የታወቁት ነጋዴና የጦር አበጋዝ ዙበይር ራሕማ ወደ ዳርፉር ሲዘምቱ አብዱላሂ ተማርከው ከሞት ለጥቂት መትረፋቸው፣ ከዚያም የሚጠበቁት ማህዲ እርሳቸው እንደሆኑ ዙበይርን ጠይቀው አሉታዊ መልስ ማግኘታቸው ይነገራል።

ይህ ተስፋ በባዶ ሜዳ የበቀለ አልነበረም። ሱዳን በ1821 በግብጹ ገዥ በመሐመድ አሊ ጦር ከተያዘች ወዲህ ሕዝቡ ከባድ ግብር ተጥሎበት ነበር። ግብሩ የሚሰበሰበው በወታደርና በአለንጋ ሲሆን፣ መክፈል ያቃተው ገበሬ በዓባይ ዳር ያለውን መሬቱንና የውኃ መሳቢያውን ጥሎ እስከ መሰደድ ይደርስ ነበር። የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የተወሰደው እርምጃ ደግሞ በዚሁ ንግድ የበለጸጉትን ወገኖች አስኮረፈ። አርብቶ አደሩም ከብቱን እየቆጠረ የሚያስገብር መንግሥት አልፈለገም። ስለሆነም የተለያየ ጥቅም ያላቸው ወገኖች በአንድ ጥላቻ ሥር ለመሰባሰብ ተዘጋጅተው ነበር ማለት ይቻላል።

አብዱላሂ ከምዕራብ ተነሥተው ረጅሙን ጉዞ በመጓዝ በነጭ ዓባይና በጥቁር ዓባይ መካከል ወደሚገኘው የገዚራ ምድር ደረሱ። በዚያም የጀልባ ሠሪ ልጅ የሆኑትን መንፈሳዊ መምህር ሙሐመድ አሕመድን የሞተ ሼኻቸውን መቃብር ሲያሠሩ አገኟቸው። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰኔ 29 ቀን 1881 ሙሐመድ አሕመድ በነጭ ዓባይ ላይ በምትገኘው የአባ ደሴት የሚጠበቀው ማህዲ እኔ ነኝ ሲሉ አወጁ። አብዱላሂም የቅርብ አማካሪያቸውና የጦራቸው ዋና አደራጅ ሆኑ። የበቃራ ፈረሰኞች ወደ እንቅስቃሴው እንዲጎርፉ ያደረገውም በአብዛኛው የእርሳቸው ተጽዕኖ ነው።

እንቅስቃሴው በአጭር ጊዜ ውስጥ ድል በድል ሆነ። የኮርዶፋን ዋና ከተማ ኤል ኦቤድ በጥር 1883 እጇን ሰጠች። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በእንግሊዛዊው ጄኔራል ሂክስ የሚመራው የግብጽ ጦር ሸይካን ላይ ተደመሰሰ። ጥር 26 ቀን 1885 ካርቱም ተያዘች፤ ገዥዋ ጄኔራል ጎርደንም ተገደሉ። ማህዲው በነቢዩ መሐመድ ተከታዮች አምሳል ከሊፋዎችን ሲሾሙ አብዱላሂ የመጀመሪያውን ከሊፋ የአቡበከርን ስፍራ ያዙ። ማህዲው በ1883 ባወጡት አዋጅም አብዱላሂ የሚፈጽሙት ተግባር ሁሉ ያለ ጥያቄ እንዲታዘዙለት፣ እርሳቸውን መንቀፍም ማህዲውን እንደ መንቀፍ እንዲቆጠር ደነገጉ። ይህ አዋጅ በወቅቱ በጦር ሠፈር ውስጥ ዲሲፕሊን ለማስከበር የወጣ ቢመስልም፣ ኋላ ለአንድ አገር አስተዳደር መሠረት ሆኖ አገልግሏል።

ማህዲው ካርቱም በተያዘች በአምስት ወሯ፣ ሰኔ 22 ቀን 1885 በሕመም ሞቱ። ከሊፋ አብዱላሂ ሥልጣኑን ቢረከቡም ሽግግሩ ሰላማዊ አልነበረም። ዐሽራፍ የሚባሉት የማህዲው ዘመዶች፣ ከእነርሱም ጋር በዓባይ ዳር የሚኖሩት የተማሩና ነጋዴ ወገኖች፣ ከምዕራብ የመጣ አርብቶ አደር በላያቸው መንገሡን አልወደዱትም። ከሊፋው በ1886 የተፎካካሪዎቻቸውን ጭፍሮች ትጥቅ ወደ ራሳቸው አዛወሩ። የዐሽራፍ ወገን የነበሩትን የግምጃ ቤት ሹም አሕመድ ሱለይማንን ሽረው ኢብራሂም ሙሐመድ አድላን የተባሉትን የቀድሞ ነጋዴ ሾሙ። አድላን ቤት አል ማል የተሰኘውን ግምጃ ቤት የሒሳብ ሥርዓት በማስያዝ የታወቁ ባለሥልጣን ነበሩ።

አዲሲቱ መዲና ኡምዱርማን በማህዲው መቃብርና በታላቁ መስጊድ ዙሪያ ተስፋፋች። የከተማው ነዋሪ በየዕለቱ በመስጊዱ ለጸሎት መገኘት ግዴታው ነበር። መጠጥና ትምባሆ ተከልክለው ነበር፤ ደንብ የተላለፈም በግርፋትና በንብረት ውርስ ይቀጣ ነበር። ከሊፋው አስቸጋሪ ውሳኔ ባጋጠማቸው ቁጥር ማህዲውን በራእይ አይተው መመሪያ እንደተቀበሉ ያስነግሩ ነበር። በዚህ ሁኔታ የአስተዳደር ጉዳይ ሁሉ የእምነት ጉዳይ ሆነ። ስለ ግብር መክበድ የሚያጉረመርም ሰው ቅሬታ አቅራቢ መሆኑ ቀርቶ በሃይማኖቱ የሚጠረጠር ሰው ተደረገ። በግብር እሮሮ የተወለደው እንቅስቃሴ እሮሮን ራሱን ወንጀል ማድረጉ የዘመኑ ትልቁ ተቃርኖ ነበር።

መንግሥቱ በአራቱም ማዕዘን ጦርነት ላይ ነበር። ከኢትዮጵያ ጋር የነበረው ጠብ የጠነከረው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1884 በተፈረመው የአድዋ ውል መሠረት በድርቡሽ የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ከተስማሙ በኋላ ነው። በጥር 1888 ሐምዳን አቡ አንጃ የመሩት ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ፤ ዘረፈም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱ አገሮች ከአውሮፓውያን የሚመጣባቸውን የጋራ አደጋ በማመልከት ያቀረቡት የሰላም ሐሳብም ተቀባይነት አላገኘም። ውጤቱ መጋቢት 9 ቀን 1889 የተካሄደው የመተማ ጦርነት ሆነ። በድል አፋፍ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ጦር ንጉሠ ነገሥቱ በመቁሰላቸው ተፈታ፤ እርሳቸውም ሕይወታቸው አለፈ። ሆኖም ድሉ ለኡምዱርማንም በርካሽ የተገኘ አልነበረም። ምርጥ ጦሯ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ቡናና ሌሎች ሸቀጦች ይመላለሱበት የነበረው የመተማ ገበያም ጠፍቷል።

ከጦርነቱ ጎን ለጎን ከሊፋው ለዘመነ መንግሥታቸው ወሳኝ የሆነ ሌላ ውሳኔ አሳለፉ። በ1888 የገዛ ጎሣቸው የሆኑት ታኢሻዎችና ሌሎች የበቃራ ወገኖች ከዳርፉር ተነሥተው በኡምዱርማንና በአካባቢው እንዲሰፍሩ አዘዙ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በማያምኗት ከተማ ውስጥ የሚያምኑትን ጦር በቅርብ ለማኖር ነው። የመጡት ወገኖች ብዙዎቹ አገራቸውን የለቀቁት በግዳጅ ነበር። በመንገዳቸው ያገኙትን እህል እየበሉ መጡ። ከደረሱም በኋላ የማያርስና የሚቀለብ፣ በጦር መሣሪያ የታጠቀ ሕዝብ ሆኑ።

ዝናቡም በ1888 ክረምት አልጣለም። ከገበሬው ብዙ ወጣት በየግንባሩ ተሰማርቶ ስለነበር የታረሰው መሬት ቀድሞውንም አነስተኛ ነበር። በሱዳን ታሪክ በ1306 ዓመተ ሂጅራ ስም የሚታወሰው ረሃብ በዚህ ሁኔታ ጀመረ፤ 1889ን ሙሉ አልፎ እስከ 1890 ዘለቀ። የማሽላ ዋጋ ከተራው ሰው አቅም በላይ ሆነ። በኡምዱርማን ጎዳናዎች አስከሬን የሚያነሣ ጠፋ፤ የልጆቻቸውን ነፍስ ለማትረፍ ሲሉ ልጆቻቸውን ለባርነት የሸጡ ወላጆች እንደነበሩ በከተማዋ የነበሩ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። መተማ ላይ የሰፈረው ድል አድራጊ ጦርም በረሃብ አለቀ። በዚያው ወቅት ኢትዮጵያ በከብት እልቂትና በድርቅ ክፉ ቀን የተባለውን ዘመን ጀምራ ስለነበር፣ በድንበሩ ወዲያም ሆነ ወዲህ እህል የሚገዛበት ገበያ አልነበረም።

ድርቁ የተፈጥሮ ነው፤ የእህሉ አደላደል ግን የመንግሥት ውሳኔ ነበር። በኡምዱርማን ጎተራዎች የነበረው እህል በቅድሚያ ለታኢሻዎችና ለክብር ዘበኛው በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሰጥ ተደረገ። ጎተራው ሲራቆት የአገሪቱ ዋና የእህል ምንጭ ወደሆነው ገዚራ እህል ሰብሳቢ ወታደሮች ተላኩ። ተሰሪ የሆኑት ወታደሮች በገበሬው ቤት እየሰፈሩ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ወሰዱበት። ዘሩ የተወሰደበት ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ቢጥልም የሚዘራው አልነበረውም። ረሃቡን ከአንድ ዓመት በላይ ያራዘመውም ይህ ነበር።

በዚህ ጊዜ የግምጃ ቤቱ ሹም አድላን በ1889 መገባደጃ ላይ እህል እንዲያሰባስቡ ወደ ገዚራ ተላኩ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚያስረዱት አድላን ገበሬው በኃይል መነጠቁን አልደገፉም። አራሹ ከጠፋ ግምጃ ቤቱም እንደሚጠፋ ያውቁ ነበር። ይህ አቋማቸው ከታኢሻ አለቆችና በሥልጣን የከሊፋው ቀኝ እጅ ከነበሩት ወንድማቸው ከያዕቆብ ጋር አጋጫቸው። ዝናቸውና በሕዝቡ ዘንድ ያገኙት ተቀባይነትም ጥርጣሬን አስከተለባቸው። ወደ መዲናዋ ተጠርተው በ1890 መጀመሪያ በስቅላት ተቀጡ። በዚህም መንግሥቱ ስለ እህልና ስለ ገንዘብ እውነተኛውን ነገር ሊነግረው የሚደፍረውን ሹም አጣ። ከእርሳቸው በኋላ የተሾሙት የአድላንን ዕጣ እያሰቡ የሚሠሩ ነበሩ።

ሌላው የቀውሱ መገለጫ የገንዘብ መርከስ ነው። ማህዲው በ1885 ያስቀረጿቸው የወርቅና የብር ሳንቲሞች ጥራታቸው የተመሰገነ ነበር። በከሊፋው ዘመን ግን የውጭ ንግድ እየተዳከመና የምርኮ ገቢ እየቀነሰ በመሄዱ፣ የመንግሥቱን ወጪ ለመሸፈን በብሩ ውስጥ የሚደባለቀው መዳብ በየጊዜው ጨመረ። ነጋዴዎች አዲሱን ብር አንቀበልም በማለት ወይም ዋጋ በመጨመር አጸፋውን መለሱ። መንግሥትም ገንዘቡን ያልተቀበለ ንብረቱ እንደሚወረስ በማወጅ አስገደዳቸው። ነጋዴው በአዋጁ ተገድዶ ብሩን ቢቀበልም ሸቀጡን ደበቀ። በኢትዮጵያም በእጅጉ የታወቀው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከገበያ እየጠፋ ሄዶ፣ አንዱ በበርካታ የኡምዱርማን ብር የሚመነዘር ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአገሪቱ ገንዘብ በስም ብር፣ በተግባር ግን መዳብ ነበር።

የሕዝቡ ተቃውሞ በተለያየ መልክ ተገለጸ። በ1888 አቡ ጁመይዛ በሚል ስም የታወቁት ሰው በምዕራብ ዳርፉር ዐመፅ አስነሡ። በወታደር ምሪትና በግዳጅ ፍልሰት የተማረረው ሕዝብ በብዛት ተከተላቸው። አቡ ጁመይዛም ባዶ የቀረው የሦስተኛው ከሊፋ የዑስማን ስፍራ የእኔ ነው ማለታቸው ትኩረት የሚስብ ነው። የሃይማኖትን ቋንቋ ብቻ በሚያዳምጥ መንግሥት ፊት ተቃውሞም የሃይማኖት ልብስ ለብሶ መምጣቱ አልቀረም። እርሳቸው በፈንጣጣ ሞተው ጦራቸው በየካቲት 1889 ኤል ፋሸር አጠገብ ባይሸነፍ ኖሮ ምዕራቡ ጨርሶ ከእጅ ሊወጣ ይችል ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ ከሊፋውን ያሠጋቸው በኅዳር 1891 በኡምዱርማን የተነሣው ዐመፅ ነው። ዐሽራፎች መሣሪያ ይዘው በማህዲው መቃብር ዙሪያ ተሰበሰቡ። ከሊፋው በቅዱሱ ስፍራ ደም ማፍሰስ እንደሚጎዳቸው ስለተረዱ ከበባ አድርገው ድርድር መረጡ። በሌላው ከሊፋ በአሊ ወድ ሒሉ ሽምግልና ምሕረት እንዲደረግና ለማህዲው ቤተሰብ ቀለብ እንዲቆረጥ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ዐመፀኞቹ መሣሪያቸውን ካስረከቡ በኋላ ግን ስምምነቱ ፈረሰ። የማህዲው አጎቶች የሚገኙባቸው ታዋቂ ሰዎች ተይዘው ወደ ፋሾዳ ተልከው ተገደሉ። የዐሽራፍ መሪ የነበሩት ከሊፋ ሙሐመድ ሸሪፍም በቀጣዩ ዓመት ታሰሩ። ተቃውሞው ዝም ቢልም፣ ከዚያ በኋላ የመንግሥትን የምሕረት ቃል የሚያምን ተደራዳሪ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

የከሊፋውን ዘመን በጭካኔ ብቻ መግለጽ ግን ሚዛናዊ አይሆንም። ስለ ዘመኑ በአውሮፓ የተሰራጩት ታዋቂ መጻሕፍት ከኡምዱርማን ባመለጡ እስረኞች ስም የወጡና በግብጽ ጦር የስለላ ክፍል ኃላፊ በእንግሊዛዊው በሬጂናልድ ዊንጌት እጅ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ለዘመቻ ሕዝብን የማነሣሣት ዓላማ ነበራቸው። በኋላ የሱዳንን መዛግብት የመረመሩ የታሪክ ምሁራን እንዳመለከቱት፣ ከሊፋው በጦርነት የተቋቋመን እንቅስቃሴ ደብዳቤ፣ መዝገብና ዳኝነት ወዳለው መንግሥት ለመለወጥ ችለዋል። ከ1892 በኋላ ምርት ሲያገግም ከግብጽና ከሱዋኪን ጋር ንግድ እንዲካሄድ ፈቅደዋል። ይሁንና የዳኝነቱ ሥርዓት ራሱ ከጥርጣሬ አላመለጠም። በተከታታይ የተሾሙ ሁለት ዋና ዳኞች ሕይወታቸው ያለፈው በእስር ቤት ነበር።

የመንግሥቱ ፍጻሜ የመጣው ከውጭ ነው። ኢትዮጵያ መጋቢት 1 ቀን 1896 አድዋ ላይ ጣሊያንን ድል ስታደርግ፣ ከሰላን ይዛ የነበረችው ጣሊያን ከድርቡሽ ጥቃት እንዳይደርስባት ሰጋች። እንግሊዝም ይህንኑ ምክንያት በማድረግ በዚያው ወር ወደ ዶንጎላ ዘመቻ እንዲጀመር አዘዘች። በዚህ ወቅት ከሊፋውና ዐፄ ምኒልክ የቀድሞውን ደም ወደ ጎን በመተው መልእክት ተለዋወጡ፤ በዐፄ ዮሐንስ ጊዜ ያልሰመረው የመቀራረብ ሐሳብ ከስምንት ዓመት በኋላ ተነሣ። ጊዜው ግን መሽቶ ነበር።

በ1897 የጠላት ጦር ሲቃረብ፣ በዓባይ ዳር በምትገኘው ሌላዋ መተማ የሚኖሩት ጀዓሊዪን ከተማቸውን ለከሊፋው ጦር እንዲለቁ ታዘዙ። የማህዲው የቀድሞ ደጋፊ የነበረው ይህ ሕዝብ የተሰሪ ወታደርን ጉዳት ያውቅ ስለነበር እምቢ አለ። ሐምሌ 1 ቀን የከሊፋው የጦር አዛዥ ማሕሙድ አሕመድ ከተማዋን በኃይል ያዙ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ከጥቃቱ የተረፉት ወራሪውን ጦር ደግፈው ቆሙ። በሚያዝያ 1898 አትባራ ላይ፣ መስከረም 2 ቀን 1898 ደግሞ ከኡምዱርማን ወጣ ብሎ በሚገኘው ከረሪ ላይ የከሊፋው ጦር በመትረየስና በመድፍ ፊት ወደቀ። በከረሪ በአንድ ቀን ጧት ከአሥር ሺህ በላይ ሱዳናውያን ሲሞቱ፣ ከወራሪው ወገን የሞቱት ሃምሳ አይሞሉም ነበር። የታኢሻም ሆነ የሌላው ወገን ተዋጊ ያሳየው ጀግንነት በጠላቶቹ ሳይቀር ተመስክሮለታል።

ከሊፋው ወደ ኮርዶፋን አፈግፍገው ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። ኅዳር 24 ቀን 1899 ኡም ዲወይከራት ላይ ጦራቸው በተሸነፈ ጊዜ ለመሸሽ አልሞከሩም። የጸሎት አጎዛቸውን አንጥፈው ከአሊ ወድ ሒሉና ከሌሎች ታማኞቻቸው ጋር እንደተቀመጡ በጥይት ተመተው ሞቱ። ይህ አሟሟት በብዙ ሱዳናውያን ዘንድ እስከ ዛሬ በክብር ያስታውሳቸዋል። በኡምዱርማን ያሠሩት ቤትም በ1928 ሙዚየም ሆኗል።

የከሊፋ አብዱላሂ መንግሥት የወደቀው በባዕድ ጦር ክንድ መሆኑ አያከራክርም። የሕዝቡ ፍቅር የሸሸው ግን መትረየሱ ከመድረሱ በፊት ነበር፤ የገዚራ ገበሬ ለዘር ያኖረው ማሽላ ሲወሰድበት፣ ነጋዴው መዳቡን ብር ነው ብሎ እንዲቀበል ሲገደድ፣ የምሕረት ቃል ሲታጠፍ። ማህዲውን ወደ ድል ያደረሳቸው ሕዝብ ለሥርዓቱ ጀርባውን መስጠት የጀመረው፣ አቤቱታውን የሚያደርሱለት ሹማምንት አንድ በአንድ ከጠፉ በኋላ ነው። ከሊፋው ግንባር ቀደም ጠላት ሆኖ የታያቸው የሚያጉረመርመው ሰው ነበር። በ1889 ከገዚራ የተላከላቸው ማስጠንቀቂያ ግን የጠላት ሳይሆን የገዛ ግምጃ ቤታቸው ሹም ነበር።